ስንጥቁን በሙቀት የሚያድን ሴራሚክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሴራሚክ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ወይም የቡና ሲኒ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ብረት በሚለሰልስበት ሙቀት ውስጥ ጭነት ስለሚሸከሙ ሴራሚኮች ነው። የጋዝ ተርባይን አካላት፣ የቱርቦቻርጀር ሮተሮችና የእቶን ክፍሎች ከእነዚህ ይሠራሉ። ዋና ዋናዎቹ ሲሊከን ናይትራይድ፣ ሲሊከን ካርባይድ፣ አሉሚናና ሙላይት ናቸው። ጥያቄዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ከምህንድስና ተማሪዎችና "ራሱን የሚጠግን ቁስ ተገኘ" የሚል ዜና አንብበው ከተገረሙ ሰዎች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብረት እያለ ሴራሚክ ለምን አስፈለገ?

በሙቀትና በክብደት ምክንያት ነው። ወደ ጋዝ ተርባይን የሚገባው ጋዝ በሞቀ ቁጥር ከአንድ ሊትር ነዳጅ የሚገኘው ሥራ ይጨምራል። ምርጥ የሚባሉት የኒኬል ቅይጦች 1100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ከዚያ በላይ የሚሠሩት በውስጣቸው ቀዝቀዝ ያለ አየር እየተነፋ ነው። ያ አየር ደግሞ ከሞተሩ ከራሱ የሚቀነስ ጉልበት ነው።

ክብደቱም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሲሊከን ናይትራይድ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 3.2 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የኒኬል ቅይጥ ከ8 ግራም ያልፋል። ኒሳን በ1985 ፌርሌዲ ዚ መኪናው ላይ የሲሊከን ናይትራይድ ቱርቦ ሮተር የገጠመው ለዚህ ነው። ቀላል ሮተር ፍጥነቱን ቶሎ ያነሳል፣ ነጂው ነዳጅ ሲረግጥ የሚሰማው መዘግየት ይቀንሳል። ጃፓን ከ1988 እስከ 1999 ባካሄደችው የ300 ኪሎዋት የሴራሚክ ጋዝ ተርባይን ፕሮጀክት ደግሞ የመግቢያው ሙቀት 1350 ዲግሪ፣ ብቃቱም 42 በመቶ ደርሷል። ለዚያ መጠን ላለው ትንሽ ተርባይን ይህ ትልቅ ቁጥር ነው።

ታዲያ ለምን በየመኪናውና በየአውሮፕላኑ አናየውም?

በስንጥቅ ምክንያት። ብረት ላይ ስንጥቅ ሲፈጠር ጫፉ አካባቢ ያለው ቁስ ይለመጥና ጫናውን ያበርደዋል። ሴራሚክ አይለመጥም። ጫናው ሁሉ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ይከማቻል፣ ከወሰኑ ሲያልፍ ስንጥቁ በሰከንድ ከሺህ ሜትር በላይ ሮጦ ዕቃውን ለሁለት ይከፍለዋል። ማስጠንቀቂያ የለውም።

በቁጥር እንየው። ስንጥቅን የመቋቋም አቅም የሚለካው ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ) በሜትር ካሬ ሥር ሲባዛ በሚገኝ አሃድ ነው። የተለመዱ የግንባታ ብረቶች ከ50 በላይ አላቸው። ሲሊከን ናይትራይድ ከ5 እስከ 8 ነው። አሉሚና 3 ወይም 4፣ ተራ መስታወት ደግሞ 1 እንኳ አይሞላም።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ በ1921 ባሳተመው ሥራ መስታወት ከሚጠበቅበት በብዙ እጥፍ ደካማ የሆነው በውስጡ ባሉ ጥቃቅን ስንጥቆች መሆኑን አሳየ። ጥንካሬው የሚወርደው በስንጥቁ መጠን ካሬ ሥር ልክ ነው። ስንጥቁ አራት እጥፍ ቢያድግ ጥንካሬው በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። የመቋቋም አቅሙ 5 የሆነ ሴራሚክ 500 ሜጋፓስካል እንዲሸከም ከፈለጋችሁ፣ ላዩ ላይ ያለው የግማሽ ክብ ቅርጽ ስንጥቅ ጥልቀቱ ከ60 ማይክሮሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም። የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ደግሞ ዕቃውን በአልማዝ ስትሞርዱት ራሳችሁ ልትፈጥሩት ትችላላችሁ።

ሌላም ጣጣ አለ። ከአንድ ማሽን የወጡ ሁለት ተመሳሳይ ሴራሚኮች እኩል አይጠነክሩም። አንዱ በ700፣ ሌላው በ450 ሜጋፓስካል ሊሰበር ይችላል። ስዊድናዊው ዋይቡል በ1939 ለዚህ ዓይነቱ መበታተን የስታቲስቲክስ ቀመር አበጀለት። ቀመሩ ዛሬም ሥራ ላይ ነው፣ መበታተኑን ግን አላጠፋውም።

ሴራሚክ እንደ ብረት ይደክማል?

ይደክማል፣ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ብረት በሚመላለስ ጭነት የሚደክመው በውስጡ ያሉት የክሪስታል ጉድለቶች ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተቱ ቀስ በቀስ ስንጥቅ ስለሚወልዱ ነው። ሴራሚክ ውስጥ ይህ መንሸራተት በተለመደ ሙቀት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ "ሴራሚክ አይደክምም" የሚል እምነት ነበር። በ1980ዎቹ የወጡ ጥናቶች ይህን እምነት አፈረሱት።

የመጀመሪያው ዓይነት ድካም በቋሚ ጭነት የሚመጣ ነው። ጭነቱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ስንጥቁ እያደገ ይሄዳል። መስታወትና አሉሚና ላይ ዋናው ተባባሪ የአየር እርጥበት ነው። መስታወት ላይ ለምሳሌ የውሃ ሞለኪውል ስንጥቁ ጫፍ ላይ ደርሶ የተወጠረውን የሲሊከንና የኦክስጅን ትስስር ይበጥሳል። ቀጥሎ ወደሚቀጥለው ትስስር ያልፋል። ዕቃው ዛሬ ያልተሰበረው ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ጭነት ይሰበራል።

ሁለተኛው በሚመላለስ ጭነት የሚመጣው ነው፣ ለእኔ ይበልጥ የሚያስገርመውም ይሄኛው ነው። ጠንካራ የሚባሉት ሴራሚኮች፣ ለምሳሌ ረዘም ያሉ ቅንጣቶች ያሉት ሲሊከን ናይትራይድ፣ ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ከስንጥቁ ጫፍ ኋላ ሁለቱን ግድግዳዎች ይዘው ከሚቀሩ ቅንጣቶች ነው። ጭነቱ ሲመላለስ እነዚህ ቅንጣቶች እርስ በርስ ይፋተጋሉ፣ ይላላሉ፣ ይለቃሉ። በቅንጣቶቹ ጥንካሬ ላይ በተመካ ቁጥር በመመላለስ የሚጠፋው ይበዛል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ጭነት ጎበዝ የሆነው ሴራሚክ በሚሊዮን ዙር ጭነት ብዙ ሊያጣ ይችላል።

ለመሐንዲሱ የሚያሳስበው ደግሞ የስሌቱ ጠባይ ነው። የስንጥቁ እድገት ከጫናው ጋር የሚያያዘው በኃይል ቁጥር ነው። ለብረት ይህ ኃይል ከ2 እስከ 4 ነው። ለሴራሚክ ከ15 ተነስቶ 50 ይደርሳል፣ ያልፋልም። ኃይሉ 3 ከሆነ ጫናውን 10 በመቶ ስትጨምሩ ስንጥቁ 1.3 እጥፍ ይፈጥናል። ኃይሉ 20 ከሆነ ግን ወደ 7 እጥፍ ነው። "ስንጥቁን እየተከታተልን እንጠቀምበታለን" የሚለው የብረት ባህል እዚህ ብዙም አያስኬድም። ስንጥቁ የሚታይ ደረጃ ላይ ሲደርስ የቀረው ዕድሜ ኢምንት ነው።

ሙቀቱ ሲጨምር ድካሙ ይባስ ይሆናል?

እንደ ቁሱ ነው። ሲሊከን ናይትራይድን ለመጋገር ማግኒዚየም ኦክሳይድ ወይም ኢትሪየም ኦክሳይድ ይጨመርበታል። እነዚህ ከጋገራው በኋላ በቅንጣቶቹ መካከል ስስ የብርጭቆ ንብርብር ሆነው ይቀራሉ። ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ ሲያልፍ ይህ ብርጭቆ መለስለስ ይጀምራል። ቅንጣቶቹ ይንሸራተታሉ፣ ጥቃቅን ክፍተቶች ይፈጠራሉ፣ ክፍተቶቹ ተያይዘው ስንጥቅ ይሆናሉ። ኢትሪየም ከማግኒዚየም የተሻለ ሙቀት ይችላል፤ ሁለቱም ግን ወሰን አላቸው።

የሚገርመው፣ በከፍተኛ ሙቀት የሚመላለስ ጭነት አንዳንዴ ከቋሚ ጭነት ይልቅ ይራራል። በአሉሚናም በሲሊከን ናይትራይድም ታይቷል። ምክንያቱ የለሰለሰው ብርጭቆ ነው። ቀስ ብለው ሲስቡት ይፈስሳል፣ በፍጥነት ሲስቡት ግን ይጠጥራል፣ ስንጥቁንም ይዞ ያቆያል። የብረት ድካምን ብቻ ተምሮ የመጣ ሰው ይህን ለመቀበል ይቸግረዋል።

ስንጥቅ የሚድነው እንዴት ነው?

ሲሊከን ካርባይድን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ደቃቅ የሲሊከን ካርባይድ ቅንጣቶች፣ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑ፣ ሲሊከን ናይትራይድ ወይም ሙላይት ወይም አሉሚና ውስጥ ይበተናሉ። ዕቃው ሲሰነጠቅ ስንጥቁ እነዚህን ቅንጣቶች ያጋልጣቸዋል። ሙቀቱ ከፍ ካለና አየር ከገባ ኦክስጅን ያገኛቸውና ይቃጠላሉ። የሚወጣው ሲሊካ፣ ማለትም ብርጭቆ መሰል ጠጣር፣ እና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ነው። ጋዙ ይወጣል፣ ሲሊካው ይቀራል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይገጣጠማል። አንደኛው መጠን ነው። አንድ ሞል ሲሊከን ካርባይድ 12.5 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ያህል ቦታ ይይዛል፣ ከእሱ የሚወጣው ሲሊካ ግን 26 ወይም 27 ነው። ከእጥፍ በላይ ስለሚያብጥ ክፍተቱን ይሞላዋል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ቃጠሎው በሞል ወደ 940 ኪሎጁል ይለቃል፤ ይህ አዲሱ ሲሊካ ከግድግዳዎቹ ጋር በደንብ እንዲጣበቅ ያግዛል ተብሎ ይታሰባል። መሙላት ብቻ አይበቃም። ስንጥቅ ውስጥ የገባ አቧራም ይሞላል፣ ግን ምንም አይሸከምም። ጥንካሬን የሚመልሰው መጣበቁ ነው።

የተለመደው የላቦራቶሪ አሠራር በአየር ውስጥ 1300 ዲግሪ፣ ለ1 ሰዓት ነው። ሙቀቱ ሲወርድ ጊዜው በፍጥነት ይረዝማል። 1000 ዲግሪ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዓታት ሊጠይቅ ይችላል።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለ። ላንጅና ጉፕታ በ1970 ስንጥቅን በሙቀት ማዳን እንደሚቻል በኦክሳይድ ሴራሚኮች ላይ አሳይተዋል። በዚያው ዓመት ላንጅ የሲሊከን ካርባይድ የላይ ስንጥቆች በኦክሳይድ ሲድኑ የሚያሳይ ሥራ አውጥቷል። ጉዳዩን ከጉጉት አውጥቶ ወደ ምህንድስና መሣሪያነት የቀየረው ግን በጃፓን ዮኮሃማ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የኮቶጂ አንዶ ቡድን ነው። "ስንጥቁ ዳነ" ብለው አላቆሙም። ከዳነ በኋላ በስንት ዲግሪ፣ በስንት ጫና፣ ለስንት ዙር ይቆያል ብለው ጠየቁ።

ስንጥቁ መዳኑ በምን ይታወቃል?

በማይክሮስኮፕ ብቻ አይታወቅም። ላዩ ተሸፍኖ ውስጡ ክፍት ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መንገድ መስበር ነው።

3 በ4 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ ይዘጋጃል። በቪከርስ መለኪያ፣ ማለትም የአልማዝ ፒራሚድ ባለው የጥንካሬ መለኪያ፣ 100 ማይክሮሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ይፈጠርበታል። ከዚያ ይጋገራል፣ ከዚያ ታጥፎ ይሰበራል። ያልተሰነጠቀው ዘንግ ያህል ከተሸከመ ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚያሳምነው ግን የተሰበረበት ቦታ ነው። ዘንጉ ከዳነው ስንጥቅ ርቆ በሌላ ቦታ ከተሰበረ፣ የዳነው ቦታ ከቀረው አካል አይተናነስም ማለት ነው። በደንብ በዳኑ የሲሊከን ናይትራይድና የሙላይት ናሙናዎች ላይ የታየው ይኸው ነው።

ጭነት እየተሸከመ ሊድን ይችላል?

ይችላል፣ ግን በሁኔታ። ለእኔ ከርዕሱ ሁሉ ወሳኙ ጥያቄ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ተርባይን ውስጥ ያለ ክፍል "አንዴ ላርፍና ልዳን" ብሎ አይቆምም።

ስንጥቁ ውስጥ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይካሄዳል። ጫናው ስንጥቁን ወደፊት ይገፋዋል፣ ሲሊካው ከኋላ ይዘጋዋል። የሚወስነው የትኛው ይፈጥናል የሚለው ነው። ጫናው ከአንድ ወሰን በታች ከሆነ መዳኑ ያሸንፋል። ከወሰኑ በላይ ከሆነ ስንጥቁ ያሸንፍና ዕቃው ይሰበራል። የአንዶ ቡድን ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ ጫናው ስንጥቅ ያለበትን ናሙና ከሚሰብረው ጫና ከግማሽ በላይ ሆኖም እንኳ ስንጥቁ መዳን ችሏል። ይህ በቋሚ ጭነትም በሚመላለስ ጭነትም ታይቷል።

ድካሙ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። የዳነ ናሙና በዚያው በሚድንበት ሙቀት ላይ በሚመላለስ ጭነት ሲፈተን፣ የድካም ጥንካሬው ከተራው የመታጠፍ ጥንካሬው ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። የተለመደው ሴራሚክ በጊዜ ብዛት ጥንካሬውን ሲያጣ፣ ይሄኛው አዲስ የተከፈተውን ጥቃቅን ስንጥቅ ሁሉ ወዲያው እየዘጋ ይሄዳል። ሙከራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በሰከንድ 5 ዙር 2 ሚሊዮን ዙር ለመሙላት 111 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አንድ ናሙና ብቻ ነው ያ፣ እቶኑም ሙሉ ጊዜውን እንደጋለ።

አደገኛው ቀጣና መካከለኛው ሙቀት ነው። ሙቀቱ ወደ 1300 ዲግሪ ሲጠጋ መዳኑ ፈጣን ነው። በክፍል ሙቀት ጭራሽ የለም። ከ600 እስከ 900 ባለው ውስጥ ግን ስንጥቁ በተለያየ ምክንያት ሊያድግ ይችላል፣ መዳኑ ደግሞ ገና አልተነሳም። ሞተር ሲነሳና ሲጠፋ የሚያልፈው በዚሁ ቀጣና ነው። ስለ መዳን የሚወራ ማንኛውም ማስታወቂያ ሲያጋጥማችሁ "በስንት ዲግሪ?" ብላችሁ ጠይቁ።

የማይድነው የትኛው ስንጥቅ ነው?

ሰፊው፣ ትልቁና የተደበቀው። ግድግዳዎቹ ከአንድ ማይክሮሜትር በላይ ከተራራቁ ሲሊካው ክፍተቱን ለመሙላት ይቸገራል። ሙሉ ጥንካሬ የሚመለሰው በአብዛኛው ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ርዝመት ባላቸው የላይ ስንጥቆች ላይ ነው። በዕቃው ሆድ ውስጥ ያለና ወደ ላይ ያልወጣ ስንጥቅ ደግሞ ኦክስጅን ስለማይደርሰው አይድንም። ቫኪዩም ወይም አርጎን (ከምንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ) ውስጥ የሚሠራ ክፍልም በዚህ መንገድ አይድንም።

የመዳኛው ሙቀትና የሥራው ሙቀትም መጣጣም አለባቸው። ስንጥቁን የሞላው ብርጭቆ ቆሻሻ ከበዛበት ከፍ ባለ ሙቀት ይለሰልሳል። ወደ ክሪስታል ከተለወጠ ግን እስከ 1300 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለመቸኮል ብሎ በዝቅተኛ ሙቀት አድኖ በከፍተኛ ሙቀት ማሠራት ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

በአንድ ደቂቃ የሚድን ሴራሚክ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ በላቦራቶሪ ደረጃ። በ2017 የጃፓን ብሔራዊ የቁስ ሳይንስ ተቋምና የዮኮሃማ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሲሊከን ካርባይድ በተጠናከረ አሉሚና ውስጥ፣ በቅንጣቶቹ ድንበር ላይ፣ ጥቂት የማንጋኒዝ ኦክሳይድ አስገቡ። ስንጥቁ በ1000 ዲግሪ፣ በ1 ደቂቃ ዳነ። ማንጋኒዙ የሚሠራው የሲሊካውን ፈሳሽነት በመጨመር ነው። ብርጭቆው ስንጥቁ ውስጥ ቶሎ ይፈስሳል፣ በኋላ ወደ ክሪስታል ተለውጦ ይጠነክራል። ተመራማሪዎቹ ሐሳቡን ያገኙት አጥንት ሲሰበር በየደረጃው ከሚድንበት መንገድ ነው።

ይህ ሥራ የተወደደበት ምክንያት ፍጥነቱ ብቻ አይመስለኝም። የመዳኛውን ሙቀት ወደ ሞተሩ የሥራ ሙቀት አወረደው፤ ከላይ ያነሳነውን የመካከለኛ ሙቀት ክፍተት ከላይኛው ጫፉ አጠበበው ማለት ነው።

ከሲሊከን ካርባይድ ሌላስ?

ማክስ ፌዝ የሚባሉ ቁሶች አሉ። አንዳንዶቹ ከቲታኒየም፣ ከአሉሚኒየምና ከካርቦን የተሠሩ ናቸው፣ ጠባያቸው በከፊል ሴራሚክ በከፊል ብረት ነው። በሆላንድ የዴልፍት ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና ተባባሪዎቹ ከ2008 ጀምሮ ብዙ ሠርተውባቸዋል። በ1100 እና በ1200 ዲግሪ አሉሚኒየሙ ወደ ስንጥቁ ወጥቶ አሉሚና ይሆናል። አሉሚና ከሲሊካ ይልቅ ጠንካራ ነው፣ ጥቂት ማይክሮሜትር የሚሰፋ ስንጥቅም ይሞላል። ትልቁ ብልጫው ግን በአንድ ቦታ ደጋግሞ መዳን መቻሉ ነው። የሲሊከን ካርባይድ ቅንጣት አንዴ ከተቃጠለ አለቀ። አሉሚኒየሙ ግን ከውስጥ እየፈለሰ ይመጣል።

መዳን ካለ የማረጋገጫ ፈተና ለምን ያስፈልጋል?

ሁለቱ የሚደጋገፉ ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም። ማረጋገጫ ፈተና ማለት እያንዳንዱን ክፍል ከሥራው ጫና ከፍ ባለ ጫና አስቀድሞ መፈተን ነው። የተሰበረው ይጣላል። ያለፈው ውስጥ ከተወሰነ መጠን የበለጠ ስንጥቅ እንደሌለ በስሌት ይታወቃል።

ብቻውን ሲሠራ ይህ ፈተና ውድ ነው፣ ምክንያቱም በመሞረድ የተሰነጠቁት ብዙዎቹ ይሰበራሉ። አስቀድሞ ቢጋገሩ ግን የላይ ስንጥቆቻቸው ይድናሉ፣ የሚሰበረው ይቀንሳል። ከዚያ ፈተናው የሚይዘው መዳን ያልደረሰበትን የሆድ ውስጥ ጉድለት ነው። በሥራ ላይ የሚመጣውን አዲስ ስንጥቅ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ይንከባከበዋል። ቅደም ተከተሉ መሞረድ፣ መጋገር፣ መፈተን፣ ማሠራት ነው። ከመዳን ታሪክ ሁሉ ለፋብሪካ ቶሎ የሚጠቅመው እኔን ብትጠይቁኝ ይሄ ነው። በጥንቃቄ መሞረድ ጊዜ ይበላል፣ የአልማዝ ድንጋይም ርካሽ አይደለም። ፈጠን ብሎ ሞርዶ ጉዳቱን በእቶን መመለስ ከተቻለ የዋጋው ነገር ይለወጣል።

አሁን የምንሳፈርባቸው አውሮፕላኖች ላይ አለ?

ሴራሚኩ አለ። በ2016 ሥራ የጀመረው ሊፕ ሞተር የመጀመሪያውን የከፍተኛ ግፊት ተርባይን ክንፎች ጫፍ የሚከብበው ቀለበት ከሲሊከን ካርባይድ የተሠራ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 ማክስ አውሮፕላኖች የሚበሩት በዚሁ ሞተር ነው። ቀለበቱ አይሽከረከርም፤ መሐንዲሶቹ አዲሱን ቁስ መጀመሪያ የሚሽከረከር ክንፍ ላይ ሳይሆን ቆሞ በሚቀር ክፍል ላይ ማስገባታቸው ብልህነት ነው።

ቁሱ ግን እስካሁን ካወራንበት ይለያል። የሲሊከን ካርባይድ ክሮች በሲሊከን ካርባይድ ውስጥ ተቀብረዋል፣ ክሮቹ ደግሞ በስስ ቦሮን ናይትራይድ ተሸፍነዋል። ስንጥቅ ሲመጣ ክሩን አይቆርጠውም፣ ሽፋኑ ላይ ይታጠፋል። ስለዚህ በአንዴ አይሰበርም። ችግሩ በተሰነጠቀው በኩል ኦክስጅን ገብቶ ሽፋኑን መብላቱ ነው። ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ላይ ይህ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሲሊካ ስንጥቁን ለመዝጋት ገና ቀርፋፋ ነው።

ፈረንሳዮች ለዚህ ያመጡት መላ በዙሪያው ባለው ቁስ ውስጥ ቦሮን ያለባቸውን ንብርብሮች መደርደር ነው። ቦሮን ኦክሳይድ በ450 ዲግሪ ይቀልጣል። ስንጥቁ ሲከፈት ንብርብሩ ኦክሳይድ ሆኖ ይፈስስና በሩን ይዘጋል። ሙቀቱ ሲጨምር ሲሊካው ሥራውን ይረከባል። እዚህ መዳን ማለት ጥንካሬን መመለስ አይደለም፣ ክሮቹ እንዳይበሉ መከለል ነው። ሁለቱን ማምታታት በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

እንፋሎትስ? ነዳጅ ሲቃጠል ውሃ ይወጣል አይደል?

ይወጣል፣ ዋናው ራስ ምታትም እሱ ነው። በደረቅ አየር ሲሊካ ጥሩ መከላከያ ነው። በሞተር ውስጥ ግን በከፍተኛ ግፊት የሚነፍሰው የጋለ እንፋሎት ከሲሊካው ጋር ተዋህዶ ወደ ጋዝ ይለውጠውና ይወስደዋል። ላዩ በየጊዜው እየሳሳ ይሄዳል። የናሳ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ይህን በዝርዝር አጥንተዋል። ዛሬ የሲሊከን ካርባይድ ክፍሎች እንደ ይተርቢየም ሲሊኬት ያለ ሽፋን የሚቀቡት በዚህ ምክንያት ነው። በደረቅ እቶን የተገኘን የመዳን ውጤት በቀጥታ ለሞተር መጠቀም ያስቸግራል። ጥናት ስታነቡ ሙከራው በምን ዓይነት አየር እንደተደረገ መጀመሪያ እዩ።

የተሰነጠቀ ምጣዴን ወይም ጀበናዬን እቶን ውስጥ ባስገባው ይድናል?

አይድንም። ሸክላ ውስጥ ኦክስጅን ሲያገኝ አብጦ ክፍተት የሚሞላ ነገር የለም። ስንጥቁም ከማይክሮሜትር በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ደግማችሁ ብታግሉት ይባስ ይከፈታል።

በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ልሞክረው እችላለሁ?

ትችላላችሁ። 1300 ዲግሪ የሚደርስ እቶን፣ የቪከርስ መለኪያና የመታጠፍ ፈተና የሚሠራ ማሽን ይበቃል። ደቃቅ የሲሊከን ካርባይድና የአሉሚና ዱቄት በገበያ ይገኛል፤ ችግሩ ጥቅጥቅ ብሎ እንዲጋገር ግፊት ያለው እቶን ማስፈለጉ ነው። እሱ ከሌለ ተቆርጦ የተዘጋጀ ዘንግ መግዛት ይሻላል።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። የአልማዙ ጫፍ ዕቃውን ሲወጋ በስንጥቁ ዙሪያ ታፍኖ የሚቀር ጫና ይተዋል። ዘንጉ ሲጋገር ይህ ጫና ይለቃል፣ ስንጥቁ ምንም ሳይድን ጥንካሬው ከፍ ይላል። ስለዚህ ናሙናዎቹን ለሁለት ክፈሏቸው፦ ግማሹን በአየር፣ ግማሹን በአርጎን ጋግሩ። በአርጎን የተጋገረውም እኩል ከጠነከረ፣ ያያችሁት በኦክስጅን የመጣ መዳን አይደለም። በአየር የተጋገረው ብቻ በግልጽ ከበለጠ ደግሞ እያንዳንዱ ዘንግ ከየት እንደተሰበረ በማይክሮስኮፕ አይታችሁ ከጥንካሬው ቁጥር ጎን መዝግቡት።